ቪትስ መኪና፦ ፍሬን ስይዝ ከፊት ቀኝ ጎማ የብረት መፋጨት ድምፅ ይሰማል

ባለ ቪትስ (ጠያቂ)፦
ለመድረኩ አባላት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የ2003 ሞዴል ቶዮታ ቪትስ አለኝ፤ የፊቱ ፍሬን ዲስክ (ከጎማው ጋር የሚዞር ጠፍጣፋ ብረት)፣ የኋላው ታምቡር (ሸራው ከውስጥ የሚይዘው ከበሮ መሳይ ብረት) ነው። ከጥቂት ሳምንታት በፊት ከፊት በኩል ቀጭን የፉጨት ድምፅ ይሰማ ነበር። አሁን ፉጨቱ ጠፍቶ፣ ፍሬን በረገጥኩ ቁጥር ብረት ከብረት ጋር የሚፋጭ የሚመስል ሻካራ ድምፅ ከቀኝ ጎማ ይወጣል፤ መርገጫውም በእግሬ ሥር ይንቀጠቀጣል። ያማከርኩት አንድ ጋራዥ ጎማውን እንኳ ሳይፈታ ዲስኩ፣ ሸራው (ዲስኩን እየታከከ የሚያቆመው ክፍል) እና ካሊፐሩ (ሸራዎቹን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) በሁለቱም ጎን በሙሉ መቀየር እንዳለባቸው ነገረኝ። እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን የተበላሸውን ነገር በዓይኔ ሳላይ ያን ያህል ገንዘብ ማውጣት አልፈለግሁም። ክሪክ፣ የመፍቻ ስብስብና ሜዳ የሆነ ግቢ አለኝ። በቤቴ ከፍቼ ምክንያቱን ለመለየት፣ ከተቻለም ለመጠገን፣ ከየት ልጀምር?

የጎተራው መካኒክ፦
ሰላም ወንድሜ። ከሁሉ አስቀድሞ መኪናዋን መንዳት ያቁሙ። የገለጹት ቅደም ተከተል፣ ማለትም ቀድሞ ፉጨት፣ ቀጥሎ መፋጨት፣ ሸራው አልቆ የሸራው መያዣ ብረት ዲስኩን መብላት መጀመሩን በብርቱ ያመለክታል። ያንን ፉጨት የምታሰማው በብዙ ሸራዎች ጀርባ ላይ የምትገኝ ትንሽ የብረት ምላስ ናት፤ ሸራው 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ያህል ሲቀረው ዲስኩን እየነካች ባለቤቱን እንድታስጠነቅቅ ሆን ተብሎ የተሠራች ናት። ብዙ ደንበኞቼ ፉጨቱ ሲጠፋ ፍሬኑ በራሱ የተስተካከለ ይመስላቸውና ወደ እኔ የሚመጡት ዲስኩ እንደ እርሻ ማሳ ከተተለመ በኋላ ነው።

ይሁን እንጂ ድምፅ ሁሉ ሸራ አይደለምና አስቀድመው ይለዩት። ፍሬን ሲያዝ ብቻ የሚሰማ መፋጨት በአብዛኛው የሸራ ነው። ፍሬን ባይያዝም ከጎማው ዙር ጋር እየተመላለሰ የሚሰማ ከሆነ፣ ከዲስኩ ጀርባ ያለው ቀጭን የቆርቆሮ መከለያ ተጣሞ ዲስኩን እየነካ ሊሆን ይችላል። ከፍጥነቱ ጋር የሚጨምር ማጉረምረም ሆኖ፣ መሪውን ወደ አንድ ጎን ሲያዞሩ የሚጎላና ወደ ሌላው ሲያዞሩ የሚቀንስ ከሆነ ኩሽኔታውን (ጎማው የሚሽከረከርበትን ተሸካሚ) ይጠርጥሩ፤ እንዲህ ያለው ድምፅ ሸራ በመቀየር አይጠፋም። በሚያንሸራትት መንገድ ላይ በኃይል ሲረግጡ ብቻ መርገጫው እየተርገበገበ ቢያንጓጓ ደግሞ፣ መኪናው ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከል ሥርዓት) ካለው፣ እርሱ ሥራውን እየሠራ ነው።

ጎማውን ከመፍታትዎ በፊት መሪውን እስከ መጨረሻ አዙረው በስልክዎ መብራት በቸርኬው ቀዳዳዎች በኩልና ከጀርባ ይመልከቱ። የሸራው ውፍረትና የዲስኩ ገጽ ምን እንደሚመስሉ ይንገሩን።

ከሐዋሳ፦
ከላይ በተሰጠው ማብራሪያ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ጠጠር በፈሰሰበትና ኮብልስቶን እየተነጠፈ ባለበት መንገድ የሚመላለስ መኪና በዲስኩና በቆርቆሮ መከለያው መካከል ትንሽ ድንጋይ ይይዛል። ድምፁ እጅግ ያስደነግጣል፤ ሆኖም መኪናውን በዝግታ ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ ሲነዱት ድንጋዩ ብዙ ጊዜ ራሱ ይወድቃል። እንዲሁም ዝናብ ባደረበት ሌሊት ማግስት በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ርግጫዎች የሚሰማው መፋጨት ዲስኩ ላይ የተነሳው ቀጭን ዝገት ሲጠረግ የሚወጣ ድምፅ ስለሆነ አያሳስብም።

ባለ ቪትስ፦
ለሁላችሁም አመሰግናለሁ። በተባለው መሠረት ተመልክቻለሁ። ድምፁ የሚወጣው ፍሬን ስይዝ ብቻ ነው፤ መሪ በማዞርም አይለወጥም። በቀኙ ጎማ የውጩ ሸራ ገና ወፍራም ነው፤ ግማሽ ያህሉ እንኳ ያለቀ አይመስልም። የውስጡን በደንብ ማየት አልቻልኩም፤ ነገር ግን በዲስኩ የውስጥ ገጽ ላይ ጥፍር የሚይዙ ጥልቅ ጭረቶች አሉ። የግራው ጎማ ዲስክ ለስላሳ ነው። የውጩ ሸራ ይህን ያህል እያለው የውስጡ ብቻ ሊያልቅ ይችላል?

የጎተራው መካኒክ፦
በሚገባ ይችላል፤ እንዲያውም የጥያቄዎ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። ያለቀውን ሸራ መቀየር ማንም ይችላል፤ አንዱ ሸራ ከጓደኛው ቀድሞ ለምን እንዳለቀ ሳይታወቅ አዲስ ከተገጠመ ግን ድምፁ ከጥቂት ወራት በኋላ ተመልሶ ይመጣል።

በእርስዎ መኪና ካሊፐር ላይ ፒስተን (የፍሬን ዘይት ግፊት የሚገፋው ክብ ብረት) ያለው በውስጥ በኩል ብቻ ነው። ፒስተኑ የውስጡን ሸራ ወደ ዲስኩ ሲገፋ፣ ካሊፐሩ ራሱ በሁለት ፒኖች ላይ ተንሸራቶ የውጩን ሸራ ከሌላው ወገን እየጎተተ ያመጣል። ስለዚህ ፒኖቹ ግራሶአቸው ደርቆ ወይም ዝገው ከተያዙ፣ ወይም ፒስተኑ ከተገፋ በኋላ ወደ ቦታው መመለስ ከተሳነው፣ ሁለቱ ሸራዎች እኩል አያልቁም።

አሁን ይክፈቱት። መኪናዋን ሜዳ በሆነ ጠንካራ መሬት ላይ አቁመው የእጅ ፍሬን ይሳቡ፤ ማርሽ ውስጥ ያስገቡ፤ ካምቢዮው አውቶማቲክ ከሆነ ፓርክ ላይ ያድርጉት፤ የኋላ ጎማዎችንም ከፊትና ከኋላ በታኮ ያስይዙ። የጎማውን ዳዶዎች ጎማው ገና መሬት ላይ እያለ ያላሏቸው፤ አየር ላይ ከተነሳ በኋላ መታገል ክሪኩን ያንሸራትተዋል። መኪናዋ ከተነሳች በኋላ ብረት መደገፊያ እግር ያስገቡ፤ ከመኪናዋ ጋር የመጣው ክሪክ ጎማ ለመቀየር እንጂ ሰው ከሥሩ እጁንና ራሱን አስገብቶ እንዲሠራበት የተሠራ አይደለም። በብሎኬት መደገፍን ፈጽሞ አይሞክሩ፤ ብሎኬት ሳያስጠነቅቅ ይፈረካከሳል። የፈቱትንም ጎማ ከመኪናዋ ወለል ጠርዝ ሥር አጋድመው ያስቀምጡት፤ የሆነ ነገር ቢንሸራተት የመጨረሻው መከላከያ እርሱ ነው።

ካሊፐሩን የያዙት ሁለት ቡሎኖች ከጀርባ ይገኛሉ። ሥራውን ለመጨረስ ሁለቱም መፈታት አለባቸው፤ ለመመርመር ግን የታችኛውን ብቻ ፈትተው ካሊፐሩን ወደ ላይ ማጠፍ በብዙ ቶዮታዎች ላይ ይቻላል። ሙሉ በሙሉ ካወጡት በፍሬን ቱቦው ላይ ተንጠልጥሎ እንዲቀር አይተዉት፤ በሽቦ ከሞላው ጋር አስረው ያቆዩት። ቱቦው ከውስጥ ቢቀደድ ከውጭ አይታይም። በነፋስ መንፊያ ወይም በአፍዎ አቧራውን አይንፉ። የድሮ ሸራዎች አስቤስቶስ የተባለ ለሳንባ አደገኛ ቃጫ ነበረባቸው፤ ዛሬም ከምን እንደተሠራ የማይታወቅ ሸራ ብዙ ነውና በውኃ በረጠበ ጨርቅ ይጥረጉት።

ከዚያ በኋላ ሦስት ነገሮችን አይተው ይጻፉልን፦ የአራቱን ሸራዎች ውፍረት፣ ፒኖቹ በእጅ ሲገፉ መንሸራተት አለመንሸራተታቸውን፣ እንዲሁም ፒስተኑ ወደ ውስጥ ሲገፋ መግባት አለመግባቱን።

ነዋሪ በቨርጂኒያ፦
ጤና ይስጥልኝ። እኔ የምኖረው በክረምት መንገድ ላይ ጨው በሚበተንበት አገር ስለሆነ የተያዘ ፒን የዘወትር ጉዳይ ነው፤ እዚህ በየዓመቱ በሚደረገው የደኅንነት ምርመራም የሸራ ውፍረት እየተለካ ያነሰው መኪና የማለፊያ ተለጣፊ ይከለከላል። በመካኒኩ ማብራሪያ እስማማለሁ፤ አንድ ልዩነት ብቻ አለኝ። ፒን ሲያዝ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያልቀው የውጩ ሸራ ነው፤ ፍሬኑ ከተለቀቀ በኋላ ካሊፐሩ ወደ ኋላ ስለማይመለስ የውጩ ሸራ ዲስኩን እየታከከ ይቆያል። የውስጡ ብቻ ካለቀ የምጠረጥረው ፒስተኑን ነው። ፒስተኑን ወደ ኋላ የሚስበው ዙሪያውን የያዘው የላስቲክ ቀለበት ነው፤ ፍሬን ሲያዝ ይለጠጣል፣ ሲለቀቅ ወደ ቅርጹ እየተመለሰ ፒስተኑን በጥቂቱ ይጎትታል። ላስቲኩ ከደረቀ ወይም ፒስተኑ ከዛገ ይህ መመለስ አይኖርም።

የጎተራው መካኒክ፦
ያሉት ትክክል ነው፤ ነገር ግን ደንብ አድርገን አንውሰደው። ፒኖቹ ካሊፐሩ በሚለቀቅበት ቦታ ላይ ከደረቁ ካሊፐሩ የውጩን ሸራ ማምጣት ስለሚሳነው የውስጡ ብቻውን ሲሠራ ይኖራል። ሸራው ራሱ በመያዣው ውስጥ በዝገት ተጣብቆ አልንቀሳቀስ ሲልም ተመሳሳይ ነገር ይፈጠራል። ሸራው ባንድ ጫፉ ብቻ ሰያፍ ሆኖ ካለቀ ከሁለቱ ፒኖች አንዱ እንደተያዘ መጠርጠር ነው። ለዚህ ነው በእጅ ይሞከር ያልኩት፤ ከርቀት ሆነን ከምንከራከር እጅ ቶሎ ይነግረናል።

ፈጣን መፍትሔ፦
ወንድሞቼ፣ ነገሩን ባታካብዱት ጥሩ ነው። እኔ የማውቀው ሾፌር ሸራው ላይ ትንሽ የሞተር ዘይት ጠብ አድርጎ ድምፁን ወዲያው አጥፍቶታል።

የጎተራው መካኒክ፦
ይህንን ምክር ማንም እንዳይከተል አደራ እላለሁ። ፍሬን የሚያቆመው በሰበቃ ነው፤ ዘይት ያጠፋው ድምፁን ብቻ ሳይሆን ሰበቃውንም ነው። ዘይት የነካው ሸራ ታጥቦ አይድንም፤ ይጣላል። በአንድ ጎን ብቻ ከፈሰሰ ደግሞ ሾፌሩ በረገጠ ጊዜ መኪናው ወደ ሌላው ጎን ይጎተታል። ድምፁ ከሚያልቅ ሸራ የሚመጣ ከሆነ ዝምታው ከጩኸቱ የባሰ ነው።

ባለ ቪትስ፦
ከፍቼ አይቻለሁ። በቀኙ ጎማ የውስጡ ሸራ ሙሉ በሙሉ አልቆ ብረቱ ብቻ ቀርቷል፤ የውጩ ወደ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ አለው። በግራው ጎማ ሁለቱም እኩል ናቸው። ፒስተኑን የድሮውን ሸራ አስደግፌ በሞርሴቶ (በማጥበቂያ መያዣ) ቀስ እያልኩ ስገፋው ያለ ችግር ገብቷል፤ ዙሪያውን የሸፈነው የላስቲክ ልባስም አልተቀደደም። የላይኛው ፒን ይንሸራተታል፤ የታችኛው ግን ላስቲኩ ተቀድዶ ውኃ ስለገባበት ዝጎ ተይዟል፤ እያዞርኩ እየጎተትኩ በብዙ ድካም ወጣልኝ። በዲስኩ ላይ የተቀረጸውን ትንሹን የሚፈቀድ ውፍረት አግኝቼ በመለኪያ ሳስለካው ጭረቱ ባለበት ቦታ ከዚያ ቁጥር በታች ወርዷል። አንድ ሱቅ ግን በቶርኖ (በብረት መላጫ ማሽን) ቢላጥ እንደገና ይሠራል ብሎኛል። ፒኑን በብርጭቆ ወረቀት አጽድቼ መጠቀም እችላለሁን? በምንስ ግራሶ ልቀባው?

ነዋሪ በቨርጂኒያ፦
እንግዲያው ፒስተኑን በነጻ አሰናብተነዋል፤ በዚህ ጉዳይ መካኒኩ ረትተውኛል። ግራሶውን በተመለከተ፣ ለጎማና ለኩሽኔታ የሚሆነውን ተራ ግራሶ በፒኖቹ ላይ አይጠቀሙ፤ ከነዳጅ ዘይት የተሠራ ግራሶ የፒኑን ላስቲክ ያሳብጠዋል፤ ያበጠ ላስቲክ ደግሞ ፒኑን እንደገና ይይዘዋል። ሙቀት የሚችልና ለፍሬን ላስቲክ የተዘጋጀ የሲሊኮን ግራሶ ይጠይቁ። ከዚሁ ግራሶ በጣም በስሱ ይቀቡ፤ ከበዛ ፒኑ ከኋላው አየር አፍኖ ወደ ውስጥ አልገባ ይላል።

የጎተራው መካኒክ፦
ቀለል ያለ ዝገት በብርጭቆ ወረቀት ይጠረጋል፤ ጉድጓድ የፈጠረ ዝገት ካለበት ግን ፒኑን ይቀይሩት። ፒኑና ላስቲኮቹ በአንድ እሽግ ይሸጣሉ፤ ከሙሉ ካሊፐር ጋር ሲነጻጸር ዋጋቸው ጥቂት ነው። ሶማሌ ተራም ሆነ ሌላ የመለዋወጫ ሱቅ ሲሄዱ የድሮውን ፒን ይዘው ይሂዱ፤ የላይኛውና የታችኛው ፒን በአንዳንድ ሞዴሎች ላይ አይመሳሰሉምና። ካሊፐር መቀየር አያስፈልግዎትም።

ዲስኩን በቶርኖ ማስላጥ የሚቻለው ከተላጠ በኋላም የሚቀረው ውፍረት ከተቀረጸው ቁጥር በላይ ከሆነ ብቻ ነው። የእርስዎ ከመላጡ በፊት ከቁጥሩ በታች ስለሆነ የሱቁ ሰው ያለው አይሆንም። የሳሳ ዲስክ ሙቀትን የመሸከም አቅሙ ይቀንሳል፤ ቁልቁለት ላይ ሲግል ይጣመማል፤ ሊሰነጠቅም ይችላል። ዲስክና ሸራ የሚቀየረው በጥንድ ነውና ለግራና ለቀኝ ሁለቱንም ይግዙ። ጋራዡ ይህን ማለቱ ትክክል ነበር፤ ጎማውን ሳይፈታ ማለቱ ነው ያላማረኝ።

አዲሱ ዲስክ ከዝገት እንዲጠበቅ ዘይት ተቀብቶ ስለሚመጣ በፍሬን ማጽጃ፣ እርሱ ካልተገኘ በሙቅ ውኃና በሳሙና አጥበው በደንብ ያድርቁት። ዲስኩ የሚቀመጥበትን የመቀመጫ ገጽ በሽቦ ብሩሽ ያጽዱ፤ እዚያ የቀረች ትንሽ የዝገት ቅርፊት ዲስኩን አወላግዳ ያንን የመርገጫ መንቀጥቀጥ ትመልስብዎታለች። ሸራው የሚንሸራተትባቸውን የመያዣው ጠርዞችም እንዲሁ ያጽዱ። የሸራው ፊትና የዲስኩ ገጽ ላይ የጣት አሻራ እንኳ ባይነካ እመርጣለሁ።

የጎጃም መንገድ ሾፌር፦
ልጆቼ፣ ጥሩ እየተነጋገራችሁ ነው፤ የፍሬን ዘይቱን ግን ማንም አላነሳውም። የሸራውና የዲስኩ ሙቀት በፒስተኑ በኩል ወደ ዘይቱ ይተላለፋል፤ የተያዘ ፒን ያለው ጎማ ደግሞ ከሌሎቹ ይበልጥ ይግላል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት የሚጠጣ ፈሳሽ ነው። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሳይፈላ ይችላል፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ የሚጠበቅበት 140 ብቻ ነው። ዶት 4 ደግሞ 230 እና 155 ነው። ዘይቱ ከፈላ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት ስለሚታመቅ መርገጫው እስከ ወለሉ ይገባል፣ መኪናው ግን አይቆምም።

ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የወረደ ሰው ይህን በሚገባ ያውቃል። ወደዚያ በረሃ ስትወርዱ አስቀድማችሁ ከባድ ማርሽ አስገብታችሁ ሞተሩ እንዲይዝ አድርጉ፤ እግራችሁን ከፍሬኑ ላይ ሳታነሱ አትውረዱ፤ ያዝ፣ ለቀቅ እያደረጋችሁ ዲስኩ ንፋስ እንዲያገኝ ጊዜ ስጡት። ዘይቱ ጠቁሮ ከሆነ ወይም ሁለት ዓመት ካለፈው በዚሁ አጋጣሚ ለውጡት። በክዳኑ ላይ የተጻፈውን ዓይነት ጨምሩ፤ ዶት 5 የሚባለው ሲሊኮን ስለሆነ ከሌሎቹ ጋር አይቀላቀልም።

ባለ ቪትስ፦
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዘይቱ እንደ ቡና ጠቁሯል። ፒስተኑን ስገፋው ደግሞ የዘይቱ መጠን በማጠራቀሚያው ውስጥ ከፍ ብሏል። ክፍሎቹን ገዝቻለሁ፤ ከመግጠሜ በፊት የቀረ ነገር አለን?

የጎተራው መካኒክ፦
ከፍ ማለቱ ተፈጥሯዊ ነው፤ ሊፈስ ከደረሰ በመርፌ አልባ ሲሪንጅ ጥቂት ይሳቡለት። በቀለሙ ላይ ቢፈስ ቀለም ስለሚልጥ ወዲያው በውኃ ያጥቡት። ቱቦ ስላልፈቱ አየር አልገባም፤ ነገር ግን ዘይቱ ከጠቆረ ሙሉ በሙሉ እንዲለወጥ እመክራለሁ። ይህን ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዎን አይሥሩት፤ አንድ ሰው መርገጫውን እየረገጠ፣ እርስዎ በካሊፐሩ ላይ ያለችውን ማስተንፈሻ እየከፈቱና እየዘጉ ይሠራል፤ ማጠራቀሚያው በመካከል ባዶ ከሆነ አየር ይስባል። ረዳት ከሌለዎት ለጋራዥ ይስጡት።

ሁሉም ከተገጠመ በኋላ፣ ሞተሩን አስነስተው ከመንቀሳቀስዎ በፊት፣ መርገጫው ጠንካራ እስኪሆን ድረስ ደጋግመው ይርገጡ። ፒስተኖቹ ወደ ውስጥ ስለተገፉ የመጀመሪያው ርግጫ ባዶ ነው፤ ይህን ረስቶ ከግቢ የወጣ ሰው የጎረቤት አጥር ላይ ነው የሚቆመው። የጎማ ዳዶዎቹን በመስቀል ቅደም ተከተል ያጥብቁ፤ ቶዮታ ለእነዚህ ዳዶዎች የሚያዝዘው 103 ኒውተን ሜትር ነው፤ ይህም 40 ሴንቲ ሜትር ክንድ ባለው መፍቻ ጫፍ ላይ የ26 ኪሎ ግራም ያህል ጫና ማለት ነው። በመፍቻው ላይ ቆሞ መዝለል ዳዶውንና ጥርሱን ያበላሻል። ጥቂት ከነዱ በኋላ እንደገና ይፈትሿቸው።

አዲስ ሸራና አዲስ ዲስክ መላመድ አለባቸው። ጭር ባለ መንገድ ከ50 ኪሎ ሜትር በሰዓት ወደ 10 ገደማ በመካከለኛ ርግጫ ይቀንሱ፤ ሙሉ በሙሉ ሳይቆሙ እንደገና ይፍጠኑ፤ ይህንን ደጋግመው ካደረጉ በኋላ ፍሬን ብዙ ሳይነኩ እየነዱ ያቀዝቅዙት። በመጀመሪያዎቹ 200 ኪሎ ሜትሮች አስገዳጅ ካልሆነ በቀር በኃይል አይርገጡ። ቀላል የአዲስ ሸራ ሽታ ቢኖር አይደንግጡ። ከመንገድ ሲመለሱ መዳፍዎን ሳያስነኩ ወደ ሁለቱ የፊት ቸርኬዎች ያስጠጉ፤ የቀኙ ከግራው ይልቅ በግልጽ የሚግል ከሆነ የታችኛው ፒን አሁንም አልተላቀቀም ማለት ነው።

የኮሮላ ባለቤት፦
በዚሁ ክር ላይ ልጠይቅ። የእኔ ድምፅ ከኋላ ነው፤ የኋላው ፍሬን ታምቡር ሲሆን አልወጣ ብሎኛል። በመዶሻ ልምታው?

የጎተራው መካኒክ፦
በመጀመሪያ የእጅ ፍሬኑን መልቀቅዎን ያረጋግጡ፤ ተስቦ ከሆነ ሸራው ታምቡሩን ከውስጥ ስለያዘው በምንም አይወጣም። የእጅ ፍሬኑ ስለሚለቀቅ የፊት ጎማዎችን በታኮ ማስያዝ ግዴታ ነው። ከዚያ የታምቡሩን ፊት ይመልከቱ፤ በቶዮታ ታምቡሮች ላይ ጥርስ ያላቸው ሁለት ትናንሽ ቀዳዳዎች አሉ። ባለ 8 ሚሊ ሜትር ሁለት ቡሎኖችን አስገብተው ተራ በተራ፣ አንዱን ጥቂት ሌላውን ጥቂት፣ እያጠበቁ ሲሄዱ ታምቡሩ በእኩል እየተገፋ ይወጣል። ታምቡር በፎንደሪ የተቀለጠ ብረት ስለሆነ ጠርዙ በመዶሻ ሲመታ ይሸረፋል። በአጠቃቀም ብዛት ታምቡሩ ከውስጥ ከንፈር አውጥቶ ሸራው ከያዘው፣ ከጀርባ ባለው በላስቲክ በተደፈነ ቀዳዳ በኩል በጠፍጣፋ ካቻቪቴ ማስተካከያውን ወደ ኋላ አዙረው ሸራውን ያጥብቡት። ሲከፈት ሸራው በምስማር የተመታ ዓይነት ከሆነ የምስማሩ ራስ ታምቡሩን ጭሮት እንደሆነ ይዩ፤ የጎማውን ፖምፓ (ሸራውን ወደ ታምቡሩ የሚገፋውን ትንሽ ሲሊንደር) የላስቲክ ልባስም በጣትዎ ገለጥ አድርገው ይመልከቱ፤ ከሥሩ ዘይት ካለ ፖምፓው እያንጠባጠበ ስለሆነ ሸራው ወፍራም ቢሆንም እንኳ ከፖምፓው ጎሚኒ (የላስቲክ ማሸጊያ) ጋር አብሮ ይቀየራል።